ሸክላ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ከሆነ ምጣዱ ለምን ነዘረ?

ጥያቄው፦ «ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቁሶች በሦስት ይከፈላሉ፤ ብረታ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሸክላና ፕላስቲክ አያስተላልፉም፣ ሲሊከን ደግሞ በከፊል ያስተላልፋል አለችኝ። ቀጥላም ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። ሸክላ የማያስተላልፍ ከሆነ ባለፈው ቅዳሜ እናቷ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ለምን ነዘራት? በከፊል ብቻ የሚያስተላልፍ ነገር መጥፎ ሽቦ ማለት ከሆነስ ሰው ለምን ኮምፒውተር ይሠራበታል? ለሁለቱም መልስ አጣሁ።»

ምላሽ፦ ልጅዎ ያነሣቻቸው ሁለት ጥያቄዎች ለየቅል ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው። ቁሶችን በሦስት ከፍሎ ማስተማር ለጀማሪ ቢበጅም፣ ሦስቱን በእኩል ርቀት እንደ ቆሙ ጎረቤታሞች ስለሚያሳይ ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል። በብረታ ብረትና በሌሎቹ ሁለት መካከል ያለው ልዩነት የዓይነት ነው፤ በኢንሱሌተር (በማያስተላልፈው) እና በሴሚኮንዳክተር (በከፊል ያስተላልፋል በሚባለው) መካከል ያለው ግን የመጠን ብቻ ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚፈቱት በዚህ ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን በኢንሱሌሽን ፍተሻ ላይ ያሳለፍሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ነገሩን ከመጽሐፉ ይልቅ ከምጣዱ ብጀምር ይቀናኛል።

ምጣዱን ከሶኬት ነቅለው፣ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ገልብጠው ቢያዩት፣ በሸክላው ሥር እየተጠማዘዘ ወደ መሐል የሚገባ ቦይ ያገኛሉ። በቦዩ ውስጥ ጥምዝምዝ ሽቦ ተኝቷል፤ ጠጋኞች ሪዚስታንስ የሚሉት ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜም ከሥሩ በጀሶ ይሸፈናል። ሽቦው የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሲሆን፣ ምጣዱ 3,500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፣ የሽቦው ጠቅላላ መቋቋምም ወደ 14 ኦም ይጠጋል። በዚህ በጋለ ሽቦና ሊጥ በምታፈሰው ሴት እጅ መካከል ያለው ከጣት ውፍረት የማይበልጥ ሸክላ ብቻ ነው። ለዚህ ሸክላ እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ሥራዎች ተሰጥተውታል፤ ሙቀቱን ወደ ላይ ማሳለፍ፣ ኤሌክትሪኩን ደግሞ ወደ ላይ አለማሳለፍ።

ሸክላ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ኤሌክትሮን ስለሌለው ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ሰው ዘንድ አለ፤ ይሁን እንጂ ስሕተት ነው። በአንድ ግራም መዳብና በአንድ ግራም ሸክላ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብዛት በጣም ይቀራረባል፤ እንዲያውም ቢቆጠሩ ሸክላው በጥቂቱ ይበልጣል። እንግዲህ ጉዳዩ የኤሌክትሮን መኖርና አለመኖር ሳይሆን፣ ያለው ኤሌክትሮን መንቀሳቀሻ ቦታ ማግኘቱና ማጣቱ ነው።

ገበጣ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ያየዋል። ሁለት ረድፍ ጉድጓድ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ያለው የገበጣ ገበታ እናስብ፤ ከምናውቀው ጨዋታ ግን በአንድ ሕግ ይለያል፤ አንድ ጉድጓድ ከአንድ ጠጠር በላይ አይቀበልም። ሕጉ ለምሳሌው ብዬ የፈጠርሁት አይደለም፤ የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1925 የደረሰበት ነው፤ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድን ሁኔታ በአንድ ጊዜ ሊይዙ አይችሉም። ጠጠሮቹ ኤሌክትሮኖች፣ ጉድጓዶቹም ኤሌክትሮኖች ሊይዟቸው የሚችሉ የኃይል ደረጃዎች ናቸው። የታችኛው ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ የላይኛው ባዶ ከሆነ፣ ገበታውን ወደ አንድ ጎን ብናዘነብለው እንኳ የሚንቀሳቀስ ጠጠር የለም፤ ከጎኑ ያለው ጉድጓድ ተይዟልና። ማዘንበሉ የቮልቴጅ ምሳሌ ነው። ኢንሱሌተር ማለት ይኸው ነው፤ ያጣው ጠጠር ሳይሆን ባዶ ጉድጓድ ነው።

መዳብ ደግሞ ረድፉ እስከ እኩሌታው ብቻ የሞላ ገበታ ነው። እያንዳንዱ የመዳብ አተም ከውጭ ያለችውን አንዲት ኤሌክትሮን ለጋራ ማኅበሩ ስለሚያዋጣ፣ በአንድ ሜትር ኩብ መዳብ ውስጥ 85 ብሎ 27 ዜሮ የሚያስከትል ቁጥር ያላቸው ነጻ ኤሌክትሮኖች ይገኛሉ። ገበታው ለአመል ያህል ዘንበል ሲል ሁሉም ባንድነት ይገፋሉ። በነገራችን ላይ፣ ይህ ሁሉ ሠራዊት በፍጥነት የሚገሰግስ ለሚመስላቸው ሰዎች ስሌቱ አስገራሚ ነው፤ ለምጣድ የተዘረጋ 4 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ 16 አምፔር ሲሸከም የኤሌክትሮኖቹ አማካይ ግስጋሴ በሰከንድ የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ አይሞላም፤ በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋወጥ በመሆኑም ባሉበት ይመላለሳሉ እንጂ ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ የሚጓዙ አይደሉም። ማብሪያውን ስንጫን ምጣዱ ወዲያው የሚሠራው በሽቦው ዙሪያ ያለው ግፊት በብርሃን ፍጥነት ገደማ ስለሚዳረስና ከዳር እስከ ዳር ያሉት ሁሉ በአንድ ቅጽበት ስለሚነቃነቁ ነው።

አሁን ወደ ሞላው ገበታ እንመለስ። ከታችኛው ረድፍ አንዲት ጠጠር ወደ ላይኛው ረድፍ ብትነሣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። የተነሣችው ጠጠር ሰፊና ባዶ ሜዳ ስለምታገኝ እንደ ልቧ ትሄዳለች፤ ከታች ትታው የሄደችው ባዶ ጉድጓድም ለጎረቤቶቿ መንገድ ይከፍታል። በቀኝ ያለችው ጠጠር ወደ ባዶው ትገባለች፣ የእርሷን ቦታ ደግሞ ቀጣይዋ ትይዛለች፤ ከሩቅ ለሚያየው ግን ባዶው ጉድጓድ ራሱ ወደ ቀኝ እየተጓዘ ይመስላል። የሴሚኮንዳክተር ባለሙያዎች ይህን ባዶ ቦታ ራሱን የቻለ ፖዘቲቭ ተጓዥ አድርገው ይቆጥሩታል፤ በስሌትም ሆነ በሙከራ እንዲያ ሆኖ ይገኛል።

ጠጠሯን ከታች ወደ ላይ ለማንሣት የሚጠይቀው ጉልበት ነው እንግዲህ ኢንሱሌተርንና ሴሚኮንዳክተርን የሚለየው። ጉልበቱ በኤሌክትሮን ቮልት ይለካል፤ ይኸውም አንድ ኤሌክትሮን በአንድ ቮልት ስትገፋ የምታገኘው ጉልበት ነው። ለጀርማኒየም 0.67፣ ለሲሊከን 1.1፣ ለአልማዝ 5.5፣ ከንጹሕ አሸዋ ለሚሠራው የሲሊካ መስታወት ወደ 9 ይደርሳል። በሌላ በኩል፣ በክፍል ሙቀት ያለው የአተሞች መንቀጥቀጥ በአማካይ የሚያበረክተው 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። ሙቀት ገበታውን ያለማቋረጥ እንደሚያንቀጠቅጥ እጅ ቢታሰብ፣ አብዛኞቹ ጠጠሮች ካሉበት ንቅንቅ አይሉም፤ አልፎ አልፎ ግን አንዷ በዕድል ተደጋጋሚ ግፊት ደርሷት ትዘላለች። በንጹሕ ሲሊከን ውስጥ በክፍል ሙቀት ይህ ዕድል የሚደርሳት ኤሌክትሮን ከ5 ትሪሊዮን አተሞች አንዷ ናት። ጥቂት ትመስላለች፤ ቢሆንም በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ውስጥ 10 ቢሊዮን ያህል ነጻ ኤሌክትሮኖች አሉ ማለት ነው።

የአልማዙ ክፍተት የሲሊከንን 5 እጥፍ ነው፤ ነጻ ኤሌክትሮኖቹ ግን በ5 እጥፍ ብቻ የሚያንሱ እንዳይመስልዎ። ክፍተቱ በተጨመረ ቁጥር ዕድሉ እየተካፈለ ሳይሆን እየተደጋገመ እየተካፈለ ስለሚሄድ፣ ስሌቱ ሲሠራ ፍጹም ንጹሕ የሆነና ምድራችንን የሚያክል አልማዝ ቢኖር በክፍል ሙቀት በውስጡ የሚገኙት ነጻ ኤሌክትሮኖች በጣት የሚቆጠሩ ይሆናሉ። የአሠራር ልዩነት ግን የለም፤ አልማዝም ሲሊከንም የታችኛው ረድፋቸው ሞልቶ የላይኛው ባዶ ነው። ለዚህም ነው ልዩነታቸው የመጠን ነው ያልሁት። ምስክርም አለ። ትንሽ ቦሮን የገባበት አልማዝ ሰማያዊ ቀለም ይይዛል፤ እንዲህ ያለው አልማዝ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሴሚኮንዳክተር ነው። በነጭና በሰማያዊ ኤልኢዲ አምፖሎች ውስጥ ያለው ጋሊየም ናይትራይድም ክፍተቱ 3.4 ሆኖ ሳለ ማንም ኢንሱሌተር አይለውም። ድንበሩ በካስማ የተከለለ አይደለም።

መሐንዲሶች ልዩነቱን በኦም-ሜትር ይለኩታል፤ ይኸውም ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ኩብ ከአንዱ ገጹ ወደ ተቃራኒው ገጽ የሚያሳየው መቋቋም ነው። መዳብ 0.000000017፣ ንጹሕ ሲሊከን 2,300 ገደማ፣ ደረቅ ፖርሰሊን ደግሞ በትሪሊዮን የሚቆጠር ኦም-ሜትር አለው። ከመዳብ እስከ ፖርሰሊን ያለው ርቀት 1 ብሎ 20 ያህል ዜሮ የሚያስከትል ቁጥር መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ሌሎች የቁስ ጠባዮች ይህን ያህል አይራራቁም፤ አየርና ወርቅ እንኳ በክብደት የሚበላለጡት 16,000 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው።

የዓይነት ልዩነት ያልሁት ደግሞ ቁሱን በማሞቅ ይፈተናል። መዳብ ሲሞቅ ኤሌክትሮኖቹ አይጨምሩም፤ አስቀድሞም ሁሉም ነጻ ናቸውና። የሚጨምረው የአተሞቹ መንቀጥቀጥ ስለሆነ፣ ኤሌክትሮኖቹ እየተጋጩ ጉዟቸው ይከብዳል፤ ሽቦው ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ መቋቋሙ በ20 በመቶ ያህል ያድጋል። የድሮው አምፖል ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ማብሪያው በተጫነበት ቅጽበት የሆነውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ የቀዘቀዘ ክሩ መቋቋም ከጋለው ክር ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ የሚገባው ኤሌክትሪክ እጅግ ይበዛበታል። ንጹሕ ሲሊከን ግን በተቃራኒው ነው። ወደ 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ ላይ የዘለሉት ኤሌክትሮኖች እጥፍ ያህል ስለሚሆኑ መቋቋሙ ይወርዳል። ይህን ግልባጭ ጠባይ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1833 በብር ሰልፋይድ ላይ አይቶ መዝግቦታል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሮን ገና አልታወቀም ነበር፤ የተሟላው ማብራሪያም አላን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1931 የሞሉና ባዶ ረድፎችን ሐሳብ እስኪያቀርብ ድረስ ቆይቷል። ኢንሱሌተርም ሲሞቅ እንደ ሲሊከን መቋቋሙ የሚወርድ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ ምጣዱ ስንመለስ ይፈለጋል።

የልጅዎ ሁለተኛ ጥያቄ በከፊል ከትርጉማችን የመጣ ነው እላለሁ። «ከፊል አስተላላፊ» ስንል ግማሽ ውኃ የሚያሳልፍ የተደፈነ ቧንቧ በሰው አእምሮ ይሣላል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ልክ ናት፤ መጥፎ ሽቦ እንጂ ሌላ አይሆንም ነበር። እኔ ቃሉን የምጠቀምበት በግድ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሴሚኮንዳክተር ማለትን የምመርጠውም ለዚህ ነው። የዚህ ቁስ ዋጋ በሚያሳልፈው መጠን ማነስ ላይ ሳይሆን፣ የሚያሳልፈውን መጠን እኛ መወሰን በመቻላችን ላይ ነው። የመዳብን ኤሌክትሮኖች ማብዛትም ማሳነስም አንችልም፤ እጅግ ብዙ ናቸው። የሸክላውን ደግሞ ለማንቃት የሚጠይቀው ጉልበት ብዙ ነው። ሲሊከን በመካከል ሆኖ ለትንሽ ጉትጎታ ትልቅ ምላሽ ይሰጣል።

ጉትጎታው ምን እንደሚመስል በቁጥር ላሳይ። የሲሊከን አተም ከጎረቤቶቹ ጋር የሚያያዝባቸው አራት ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ፎስፈረስ አምስት አለው። ከአንድ ሚሊዮን የሲሊከን አተሞች አንዱን አውጥተን በፎስፈረስ ብንተካው፣ አራቱ ኤሌክትሮኖች በመያያዝ ላይ ይውሉና አምስተኛው ሥራ ፈት ሆኖ ወደ ላይኛው ረድፍ ለመውጣት እዚህ ግባ የማይባል ጉልበት ብቻ ይጠይቃል። ከሚሊዮን አንድ ማለት በአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ የአሥረኛ ግራም ያህል ጨው እንደ መጣል ነው። ሆኖም ነጻ ኤሌክትሮኖቹ 5 ሚሊዮን ጊዜ ይበዛሉ፣ መቋቋሙም ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይወርዳል። ሦስት ኤሌክትሮን ያለው ቦሮን ሲገባ ደግሞ አንድ ስለሚጎድል ከታችኛው ረድፍ ባዶ ጉድጓድ ይተርፋል። በዚህ የተነሣ የሲሊከን ፋብሪካዎች ንጽሕናን እንደ ሃይማኖት ይጠብቃሉ፤ አስቀድሞ ካልጠራ የጨመሩት ነገር የመጣው ከእነርሱ ይሁን ከቆሻሻ ሊታወቅ አይችልምና።

ፎስፈረስ የገባበትና ቦሮን የገባበት ሲሊከን ሲገጣጠሙ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ይወጣል፤ የስልክ ቻርጀር የግድግዳውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያቀናው በዚህ ነው። ከዚህም አልፎ በሲሊከኑ ላይ ስስ የመስታወት ንብርና ከዚያ በላይ ብረት ቢደረግበት፣ በብረቱ ላይ የምናሳርፈው ትንሽ ቮልቴጅ ከመስታወቱ ሥር ኤሌክትሮኖችን ይሰበስባል ወይም ያባርራል፤ መንገዱ ይከፈታል ወይም ይዘጋል። ይህ ትራንዚስተር ነው፤ የመጀመሪያው፣ በአሠራሩ ከዚህ ለየት ያለው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በቤል ላቦራቶሪዎች በባርዲንና በብራቴይን እጅ ተሠርቷል። የኮምፒውተር አንጎል በቢሊዮን የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ስብስብ ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥም ሦስቱም ዓይነት ቁሶች፣ ብረቱ አድራሽ፣ መስታወቱ ከልካይ፣ ሲሊከኑ ታዛዥ ሆነው አብረው ይሠራሉ። ሴሚኮንዳክተር ብቻውን ኮምፒውተር አይሆንም።

ብርሃንም ይህንኑ ክፍተት ይታዘዛል። በዓይን የሚታይ ብርሃን ጠብታው ከ1.7 እስከ 3.1 ኤሌክትሮን ቮልት ይይዛል። ሲሊከን 1.1 ብቻ ስለሚፈልግ ብርሃኑን ሁሉ ውጦ ኤሌክትሮን ያነሣበታል፤ የሶላር ፓነል ጠቆር ብሎ የሚታየውና ኤሌክትሪክ የሚሰጠው በዚህ ነው። መስታወት 9 የሚጠይቅ በመሆኑ በብርሃኑ ጠጠር ማንሣት ስለማይችል ብርሃኑ ሳይነካ ያልፋል። መስኮታችን የሚያሳየን ኢንሱሌተር ስለሆነ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ኢንሱሌተር «የማያሳልፍ» ከመባል ይልቅ «እስከዚህ ድረስ የማያሳልፍ» ቢባል ይቀርበዋል፤ እስከ የት እንደሆነ የሚወስኑት ደግሞ ቮልቴጅ፣ ሙቀትና እርጥበት ናቸው። ቮልቴጅን በተመለከተ አየር ጥሩ ምሳሌ ነው። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሚሊሜትር አየር 3,000 ቮልት ያህል ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ በብልጭታ ይፈርሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሚጠብቅ አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚተከል የከፍተኛ ቮልቴጅ ዕቃ ርቀቱ ተስተካክሎ እንዲታዘዝ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ለቆላ የተሠራ ዕቃ ደጋ ላይ ሲተከል የሚያሳየውን ጠባይ ያየ ሰው ይህን ማስተካከያ እንደ ወረቀት ጣጣ አይቆጥረውም።

እርጥበትን ለማየት ከቤትዎ ደጃፍ ያለውን የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቀና ብለው ይመልከቱ። ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየውን ፖርሰሊን የመስመር ሠራተኞች ስኒ ይሉታል፤ ከ15 ሺህ ቮልት ስኒ ጀምሮ ከሕዳሴው ግድብ ወደ ሆለታ በሚመጣው የ500 ሺህ ቮልት መስመር ላይ እስከሚንጠለጠሉት ረጃጅም ሰንሰለቶች ድረስ ሁሉም ከንፈራቸው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነው። ጃንጥላው ለጌጥ አይደለም። ፖርሰሊኑ ራሱ በውስጡ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የሚያስፈራው በገጹ ላይ እየዳኸ የሚያመልጠው ነው፤ ስለዚህ ገጹን እጥፍጥፍ በማድረግ መንገዱ እንዲረዝም፣ ከከንፈሩ ሥር ያለውም በዝናብ ጊዜ ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ይደረጋል። በጋውን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ የከረመ ስኒ ዶፍ ቢወርድበት ይታጠባል፤ አስቸጋሪው ካፊያ ነው። ካፊያ አቧራውን ሳያጥብ ያርሰዋል፣ በአቧራው ውስጥ ያለው ጨው በውኃው ይሟሟል፣ ኤሌክትሪኩም መንገድ ያገኛል። የክረምቱ የመጀመሪያ ጠብታዎች ሲወድቁ መብራት ድርግም ብሎ መጥፋቱን ሰው እንደ ልማድ ቢያየውም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ውኃ አስተላላፊ ነው የሚለውም መታረም አለበት። እጅግ የተጣራ ውኃ 180,000 ኦም-ሜትር ገደማ ያለው ሲሆን፣ ከንጹሕ ሲሊከን እንኳ የባሰ ንፉግ ነው። የሚያስተላልፈው በውስጡ የተሟሟው ነገር ነው፤ የባሕር ውኃ ወደ 0.2 ኦም-ሜትር የሚወርደው በጨዉ ነው። የእንጀራ ሊጥ ደግሞ ቦክቶ ኮምጥጧል፤ አሲዱም ከጤፉ የሚወጡት ማዕድናትም በውኃው ውስጥ ተሟሙተዋል። ለኤሌክትሪክ የተመቸ ነገር ነው።

እንደ እርስዎ ቤት የነዘረ አንድ ምጣድ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ ያውቃል። ደረቅና ቀዝቃዛ ሆኖ፣ አንዱን የሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ሽቦ ከሪዚስታንሱ፣ ሌላውን በሸክላው ላይ ካነጠፍሁት የብረት ወረቀት ጋር አገናኝቼ በ500 ቮልት ስፈትነው መርፌው ከመለኪያው ጫፍ አልፎ ቆመ፤ ኢንሱሌሽኑ እንከን የለሽ ይመስል ነበር። ሸክላውን በብርሃን አቅጣጫ ሳዘነብለው ግን ከመሐል ወደ ዳር የሚሄድ፣ ከፀጉር የማይወፍር ስንጥቅ አየሁ። ሁለት ጭልፋ ቀጭን ሊጥ አፍስሼበት አምስት ደቂቃ ጠበቅሁና ደግሜ ስለካው መርፌው ወደ 20 ሺህ ኦም ወርዶ ነበር፤ ለ220 ቮልት መስመር የሚፈለገው ዝቅተኛው 1 ሚሊዮን ኦም ነው። 220 ቮልትን ለ20 ሺህ ቢያካፍሉት 11 ሚሊአምፔር ያገኛሉ። ወደ 10 ሚሊአምፔር ሲጠጋ የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና የያዙትን መልቀቅ ያስቸግራል። ከዚህ በላይ ደግሞ በስንጥቁ የገባው ሊጥ ከጋለው ሽቦ አጠገብ በየጋገራው እየከሰለ ስለሚሄድ የቀረው አመድና ከሰል መንገዱን ከቀን ወደ ቀን ያመቻቸዋል። ሙቀቱም የበኩሉን ያደርጋል፤ ሸክላና መስታወት ሲግሉ በውስጣቸው ያሉት የሶዲየምና የፖታሲየም አዮኖች (ኤሌክትሮን የጎደላቸው አተሞች) መንቀሳቀስ ስለሚጀምሩ፣ በሽቦው ዙሪያ ያለው ሸክላ ቀዝቅዞ የነበረውን ያህል አይከለክልም። ስለዚህ ቀዝቃዛና ደረቅ ምጣድ ለክቶ «ደኅና ነው» ማለት ልክ አይደለም።

በቤትዎ የሆነውም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም፤ ሳያዩ መፍረድ ባይገባም። ምጣዱን ነቅለው ገጹን ይመርምሩ፤ ስንጥቅ ካለበት በሊጥም ሆነ በሲሚንቶ ደፍኖ መጠቀም አይገባም፣ ሸክላው ይቀየር። ቀጥሎ የሚታየው የብረት አካሉ ከመሬት መስመር ጋር መያያዙ ነው፤ በብዙ ቤቶች ሶኬቱ ሦስተኛ ሽቦ ያለው ቢመስልም ከግድግዳው በስተኋላ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ብሬከሩ ለምን አልወደቀም ብለው ይሆናል። የምጣድ ብሬከር ብዙውን ጊዜ 20 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ሰው የሚገድለው ግን ከዚህ ከመቶ ጊዜ በላይ ሊያንስ ስለሚችል ብሬከሩ አያየውም፤ የተሠራው ሽቦውን ከቃጠሎ ለመጠበቅ እንጂ ሰውን ለመጠበቅ አይደለም። ሰውን የሚጠብቀው፣ በገባውና በተመለሰው ኤሌክትሪክ መካከል የ30 ሚሊአምፔር ልዩነት ሲያይ የሚቆርጠው ሌላው ዓይነት ብሬከር ነው፤ ምጣድ ባለበት ቤት ሁሉ ቢገባ ደስ ይለኛል። በቴስተር ካቻቪቴ መፈተሽንም አላበረታታም፤ በውስጡ ያለችው አምፖል እጅግ በጥቂት ኤሌክትሪክ ስለምትበራ፣ መብራቷ ኤሌክትሪክ መኖሩን እንጂ ምን ያህል እንደሆነ አይነግርም።

ለልጅዎ የሚነግሯትን በተመለከተ፣ ገበጣ ቤት ውስጥ ካለ አውጥተው በአንዱ ረድፍ ጉድጓድ ሁሉ አንዳንድ ጠጠር ሞልተው ያሳዩአት፤ ከዚያም አንዷን ጠጠር ወደ ላይኛው ረድፍ አንሥታ የቀረውን ባዶ ጉድጓድ ከዳር እስከ ዳር እንድታስጉዘው ያድርጉ። ማዳረሱ ስንት ጠጠር እንዳንቀሳቀሰና እያንዳንዷ ጠጠር ምን ያህል እንደ ተጓዘች ራሷ ትቁጠር።